ሁለቷስ የት ሄደች?

አርባ ምንጭ ውስጥ ሰላምታ ረጅም ነው። ሰው ሲገናኝ የራሱ ጤና፣ የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የሙዝ ማሳው ሳይቀር በየተራ ይጠየቃል፤ ሲቀላ ላይ የተጀመረ ሰላምታ ባጃጅ ተሳፍሮ ሴቻ ሲደርስ ነው የሚያልቀው። ሰኔ 30 ቀን ግን ይህ ሁሉ ወግ ይታጠፋል። ካርዱን ጠቅልሎ በሱቄ ደጃፍ ለሚያልፍ ልጅ ሁሉ የሚቀርብለት ሰላምታ አንድ ብቻ ነው፦ «ስንተኛ ወጣህ?» ደህና ዋልክ የለ፣ እናትህስ የለ። ልጁ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ ደረጃውን አሳውቆ ነው የሚተኛው።

ጠያቂዎች ስል ራሴን ጨምሬ ነው። ሱቄ መንገድ ዳር ስለሆነ እንዲያውም የመጀመሪያዋ ኬላ እኔ ነኝ። ደረጃው ያማረለት ልጅ በፊት ለፊቴ፣ ቀስ ብሎ፣ እንድጠይቀው በዓይኑ እየለመነኝ ያልፋል። ያላማረለት በጓሮ በኩል፣ በሙዙ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይሾልካል። የራሴው ልጅ አምና የገባው በሙዙ በኩል ነው፤ 31ኛ ወጥቶ። ሰው ሲጠይቀኝ «ከመጀመሪያዎቹ 31 ልጆች አንዱ ነው» እላለሁ። ክፍሉ ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን በሙዙ በኩል ስለሚመጡት አይደለም፤ እነሱስ ተመስገን፣ የራሳቸው ኑሮ አላቸው። ስለ ሰቃዩ ነው። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የእኛው ደግሞ አጥር ለአጥር ከምንዋሰነው ቤት ነው የበቀለው። ስሙን አልነግራችሁም፤ ለነገሩ ሰፈሩም ከረሳው ቆይቷል። አንደኛ ክፍል አንደኛ የወጣ ዕለት «ዶክተር» አልነው፤ በዚያው ቀረ። እናቱ «ዶክተር፣ ፍየሎቹን አስገባ!» ስትል ማንም አይስቅም። አንድ ጊዜ እውነተኛ ሐኪም ሰፈራችን ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ተቀምጦ ሳለ፣ «ኧረ ዶክተር ድረስ! ሊጡን ጨረሰችው!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ ብድግ አለ።

ዶክተር ሰባተኛ ክፍል ሳለ ሒሳብ 98 አመጣ። አባቱ ካርዱን ተቀበለ፤ አራቀው፣ አቀረበው፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አደረገ። ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሁለቷስ የት ሄደች?» አለ።

ዘጠና ስምንቱ እንዴት እንደመጡ የጠየቀ የለም። እነሱ ገብተዋል፤ የገባ ከብት ደግሞ አይወራለትም። የሚወራው ውጭ ስላደረችው ነው። ወንጌል ላይ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን ፍለጋ የሄደው እረኛ እንኳ ሲያገኛት ደስ ብሎት በትከሻው ተሸክሟት ነው የተመለሰው። ዶክተር በዓመቱ ሁለቷን ፈልጎ አግኝቶ 100 ይዞ ሲመጣ አባቱ ያለው፣ «ፈተናው ቀሎ ነበር ማለት ነው።»

ሽልማቱስ ብትሉ! የወላጆች በዓል ዕለት ሰቃዩ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፣ ይጨበጨብለታል፣ እልል ይባልለታል፤ ከዚያ አንድ ደርዘን ደብተር ይሰጠዋል። ዓመቱን ሙሉ ስታጠና ደክመሃልና፣ እነሆ ሌላ ማጥኛ። ዋናተኛ ጫሞን አቋርጦ ሲወጣ «ጎበዝ!» ብሎ መልሶ ውሃው ውስጥ እንደመወርወር ነው።

ደረጃ የመስጠት አባዜያችን ሐይቆቹንም አልማረ። ከላይ ከከተማው ቆሞ ቁልቁል የሚያይ እንግዳ ሁሉ ሁለቱን ውሃዎች ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ነው። በስፋት አባያ አንደኛ ነው፣ ጫሞ ሁለተኛ። አባያ ግን ደፍረስ፣ ቀላ ያለ ነው፤ ሰማያዊው፣ ዓይን የሚይዘው ጫሞ ነው። በመሃላቸው ያለውን መሬት እግዜር ድልድይ እንለዋለን፤ እኔ ግን ካርድ እንዳይተያዩ የተቀመጠ ነው የሚመስለኝ። ጫሞም ቢሆን ሁለተኛ በመውጣቱ አንድም ቀን በሙዙ በኩል ዞሮ ሲገባ አላየሁትም።

በእናቶች ዘንድ ግን ሁለተኝነት እንዲህ በቀላሉ አይዋጥም። አምና ዶክተርና አንዲት የሰፈራችን ልጅ በ0.2 ተለያዩ። የልጅቷ እናት «የስፖርት መምህሩ ነው የጎዳት» አለች። የዶክተር እናት «ሩጫ እንኳ የሚችለው የኔ ልጅ ነው» አለች፤ ልጁ ሲሮጥ ያየው ሰው ባይኖርም። ሁለቱ ልጆች በዚያ ሰዓት አንድ ማንጎ ዛፍ ላይ አብረው ተሰቅለው ይበላሉ፤ ሁለቱ እናቶች ቡና መጠራራት አቁመዋል። የጋሞ ሽማግሌ ምን እንደሚችል አገር አይቷል። መስከረም 2011 ለበቀል በተነሳ ወጣት ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት አባቶች የእኛው ናቸው። ለ0.2 ግን ማን ሣር ይነቅላል? በመጨረሻ እኔው ሄጄ አሸማገልኩ። «ተዉ እንጂ! የኔው ልጅ 31ኛ ወጥቶ የለ? መቼ ተጣላሁ?» አልኳቸው። ሁለቱም በአንድ ድምፅ «አይ፣ ያንቺስ ሌላ ነው!» ብለው ተሳሳቁና እዚያው ታረቁ።

ያቺ 0.2 እንኳ የት እንደሄደች እኔ አውቃለሁ። ዶክተር ሲያጠና ሬዲዮ ይቀነሳል፣ ዶሮ ይባረራል፣ እንግዳ በሹክሹክታ ይስተናገዳል። ልጅቷ ስታጠና ደግሞ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። አንድ ቀን እሳት ልጭር ማድቤታቸው ብገባ ግድግዳው ላይ በከሰል የተጻፈ ቀመር አየሁ፤ ወጡን ታማስላለች፣ ግድግዳውን ታያለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ብላት «ኬሚስትሪ» አለችኝ። ወጡን ቀመስኩት። ጨው ጎድሎታል። 0.2 ገደማ።

ጉብዝና ከምን እንደሚመጣ ደግሞ ሰፈራችን አጣርቶ ያውቃል፦ ከምግብ ነው። የዶክተር እናት በየሰኔው «ለመሆኑ ምን አብልተሽው ነው?» ትባላለች። አንድ ጊዜ መላ ሲጠፋት «ሽፈራው ነዋ» ብላ ገላገለች፤ እኛ ሀለኮ የምንለውን ቅጠል ማለቷ ነው። ሀለኮ እኮ በየጓሯችን የቆመ፣ ከኩርኩፋ ጋር ስንበላው የኖርነው ነው፤ በዚህ ሒሳብ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር በሆነ ነበር። ማን ሊያስብ! በሳምንቱ በሰፈሩ ያለ የሀለኮ ዛፍ ሁሉ ተመልጦ እርቃኑን ቀረ። ለልጄ ጠዋት በሻይ፣ ቀን በወጥ፣ ማታ በዱቄት መልክ ሰጠሁት። በሦስተኛው ሳምንት «እማዬ፣ እኔ ፍየል ነኝ እንዴ?» አለኝ። በዚያ ሴሚስተር 33ኛ ወጣ።

ከሀለኮ ቀጥሎ የዓሣ ተራ መጣ። ዓሣ ጭንቅላት ይከፍታል ተባለ። እኔ በዓሣ አልጨክንም፤ ከጫሞ የወጣ ቆሮሶ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ የሚከፈተው ጭንቅላት ይሁን ሌላ አልመራመርም። ግን በዚህ ከሄድን የጫሞ አዞ ምን ሊባል ነው? ዕድሜ ልኩን ዓሣ እየበላ ስድስት ሜትር ሊሞላ ደርሶ፣ ዛሬም አዞ ገበያ በምንለው ዳርቻ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይሞቃል። ገበያ ይባላል እንጂ ሲሸጥም ሲገዛም ታይቶ አያውቅም። ትንሽ የተማረ የሚመስለው አባ ኮዳ ነው፤ ራሱ ተመልጦ፣ ጥቁር ካባውን ደርቦ፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ መስሎ እንደ ፈታኝ መምህር ይንጎራደዳል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን እሱም የዓሣ አንጀት ጠባቂ ነው።

የሰቃይ ጎረቤት ሆኖ ማደግ ለሌሎቹ ልጆች ምን እንደሆነ እነሱን ጠይቁ። «እዩት እሱን! እሱም እንደናንተ እንጀራ ነው የሚበላው! እሱም አንድ ጭንቅላት ነው ያለው!» የሚለውን ሳይሰማ ያደገ ልጅ በሰፈራችን የለም። እናት ሁሉ ዶክተርን እንደ አለንጋ ትዋሰዋለች፤ ስትጨርስ ለሚቀጥለው ቤት ታቀብላለች። አለንጋን የሚወድ ልጅ ደግሞ የት ይገኛል? ኳስ ቡድን ሲመራረጥ ዶክተር መጨረሻ ይቀራል። ተደብቆ ሜዳ ከወረደ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ? ግባና አጥና!» ይለዋል። ይህን የሚለው ሰውዬ የራሱን ልጅ በረኛ አድርጎ ዳር ቆሞ የሚያጨበጭበው ነው።

አጥና ይባላል እንጂ መቼ ጊዜ ሰጥተነው! ዶክተር የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ነው። የመብራት ሒሳብ በስልክ የሚከፍለው እሱ፣ የእቁብ መዝገብ የሚደምረው እሱ፣ ማመልከቻ የሚጽፈው እሱ፣ የመድኃኒት ወረቀት የሚያነበው እሱ። ፈረንጅ መንገድ ጠፍቶት ሰፈራችን ከገባ ከመኝታው ተቀስቅሶ የሚመጣው እሱ። እኔም አላርፍም፤ የሞባይሌ ድምፅ በጠፋ ቁጥር ነው የምጠራው። «ዶክተር፣ ይሄ ስልክ ዲዳ ሆነ» ስለው አንዷን ጉጥ ይነካና ይመልስልኛል። ጉጧ የቷ እንደሆነች ካወቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። እንዲያው ደስ ይለዋል ብዬ ነው የምጠራው።

ባለፈው ዓመት የዋንጫ ጨዋታ ዕለት የጎረቤታችን ዲሽ ምስል አጣ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ቡና ተፈልቷል። «ዶክተርን ጥሩት!» ተባለ። ፊዚክስ 100 ያመጣ ልጅ ዲሽ ያቅተዋል? መሰላል ቀረበ፣ ዶክተር ቆርቆሮው ላይ ወጣ። ሰሜኑን ለየ፣ በጣቱ አንግል ለካ፣ ስለ ሳተላይት ምሕዋር ከላይ ሆኖ አስረዳን። ምስሉ ግን አልመጣም። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ታች ያለው ሸንጎ ፍርዱን ሰጠ፦ «የዘመኑ ትምህርት እንዲያው ስም ነው።» አገር ሙሉ ሥርዓተ ትምህርት በአንድ ዲሽ ወደቀ።

ያኔ ከ52 ተማሪ 47ኛ የወጣው የሰፈራችን ልጅ ሸንኮራውን እየመጠጠ መጣ። መሰላል አልጠየቀም፤ በአጥሩ ወጣ። ሳህኑን በሸንኮራው ጫፍ ትንሽ ገፋ፣ ሽቦዋን በጥርሱ ልጦ አሰራት፤ ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። አንድም ሰው አላጨበጨበም፤ ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረናል። ከላይ የቀሩት ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው። ዶክተር ሽቦዋን አየ፣ ልጁን አየ፤ «እንዴት አወቅኸው?» አለው። ያም «ምኑን?» አለ።

ነገሩን ሳስበው ካርዳችን ላይ ያለው ሰንጠረዥ ጠባብ ነው። ወደ ዶርዜ ወጣ ብትሉ ከቀርከሃ የተሠራ፣ የዝሆን ፊት የሚመስል፣ ከሩቅ የሚታይ ቤት ታገኛላችሁ። ግርጌውን ምስጥ ሲበላው ዝቅ ይላል እንጂ አይወድቅም፤ ካስፈለገ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንስቶ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ያንን የፈለሰፈው ሰው ካርድ አልነበረውም። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የጥለቱን ክር ሲቆጥር ወረቀት አይዝም፤ አንዷን ቢስት ጥበቡ ይጮህበታል። ያን ሸማኔ ልጅ ሆኖ መምህሩ አስነስቶ ሒሳብ ቢጠይቀው ኖሮ ዝም ይል ይሆናል፤ «ደደብ» ተብሎም ይቀመጥ ነበር። እኛም ያንኑ ሸማ ለብሰን ለወላጆች በዓል እንሄዳለን።

ሰቃይ የሚወደድበት ወቅት ግን አለ፤ የፈተና ሰሞን። ዓመቱን ሙሉ ኳስ የነፈጉት ልጆች ያኔ ብስኩት ይገዙለታል፣ ቦርሳውን ይሸከሙለታል፣ «ከጎንህ ማን ነው የሚቀመጠው?» እያሉ እንደ ወንበር ደላላ ይከቡታል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በጊዜዬ ብስኩት ገዝቻለሁ። ከፊቴ የምትቀመጥ አንዲት ሰቃይ ነበረች፤ አንገቴ ቀጭኔ እስኪሆን ድረስ እያየሁ አርባውንም ጥያቄ አንድ ሳላስቀር ገለበጥኩ። ከአርባው ሰባት አመጣሁ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በርኅራኄ አዩኝና፣ «የኔ ልጅ፣ መልስሽ ሁሉ ትክክል ነው» አሉኝ፤ «የጓደኛሽ ፈተና ምድብ ለ ነበር እንጂ።»

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ የብስኩቱ ገበያ ወደቀ። ውጤቱ ሲመጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኘው ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ፤ በዓመቱ 3.2፤ በሦስተኛው 5.4። ሰፈራችን ደነገጠ። እስከዚያ ድረስ ሰቃዩ በዝቶብን «ያንተስ ልጅ ስንት ሰቀለ?» ስንባባል ነበር። እኔን የገረመኝ ግን የአንድ ሌላ ጎረቤቴ አነጋገር ነው። ልጁ አላለፈም። «እንኳን ከብዙኃኑ አልተለየ» አለ። ያ ሰውዬ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ከብዙኃኑ ለመለየት ሀለኮ ሲያበላ የኖረ ነው።

ላለፉትም ቢሆን መከራው አያልቅም። ከሲቀላ ወጣ ብሎ ያለው ዩኒቨርሲቲያችን በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ግቢዎቹ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎ፣ ነጭ ሳር እየተባሉ ይጠራሉ። አንድ የውኃ ምህንድስና ተማሪ ተከራይ ነበረኝ። አንድ ሰሞን ቧንቧዬ ሦስት ቀን ደረቀ። «አንተ ውኃ አይደለም እንዴ የምትማረው?» አልኩት። «እትዬ፣ እኛ የምንማረው ግድብ ነው» አለኝ። «እኮ! አንተ ነሃ የገደብከው!»

በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ሲገባ አውቶቡስ ሙሉ አንደኛ ይወርዳል። እያንዳንዱ በሰፈሩ ዶክተር ተብሎ ያደገ፣ እናቱ ዳቦ ቆርሳ፣ እድሩ መርቆ የሸኘው። አንደኞች አንድ ክፍል ሲገቡ ግን አንዱ መጨረሻ መውጣቱ አይቀርም። ጣጣው የቆየ ነው። በንጉሡ ዘመን በዕደ ማርያም የሚባል ትምህርት ቤት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ሥር ነበር፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዙ እየተለቀመ 12ኛ ክፍልን እዚያ ይማራል። ከነዚያ አንደኞች መጨረሻ የወጣው ለእናቱ በደብዳቤ ምን ብሎ ጽፎ ይሆን? የዛሬዎቹን እንኳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት በተለጠፈ ማግስት አንዱ ፍሬሽ ሱቄ ውስጥ ለስላሳውን ይዞ ተቀምጦ እናቱ ደወለች። «እንዴት ነበር ፈተናው፣ ዶክተሬ?» ትላለች። «እማዬ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው... ሄሎ... ሄሎ...» እያለ ዘጋው። ሴትዮዋ የተናገረችውን ቃል በቃል እኔ እንኳ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን ልጆቹን ምን መሆን እንደሚፈልጉ የምንጠይቃቸው ነገር ነው። መንግሥት ከ2001 ጀምሮ ከመቶ ተማሪ ሰባውን ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሠላሳውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይመድብ በነበረ ጊዜ ሰፈራችን መቶውንም ሐኪም ቤት አስገብቶ ጨርሶ ነበር። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም በአውሮፓውያኑ 1947፣ ገና በ15 ዓመታቸው፣ ወደ እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ሥዕል ተምረው መጡ። አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ ያንን የመስታወት ሥዕል ያየ ሰው «ወይኔ፣ ስንት ማዕድን ቀረብን!» ሲል ግን አልሰማሁም። ይህን ለዶክተር አባት ብነግረው ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፣ በትርፍ ሰዓቱ ይሳል» አለኝ። ልጁ እኮ ስለ ሥዕል አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

የሚያነሳው ሌላ ነው። አምና በወላጆች በዓል መድረክ ላይ ተሸላሚዎቹ ማይክ ተሰጣቸውና «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ተባሉ። አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ፓይለት፣ አንዱ ሐኪምም ፓይለትም አሉ። ጭብጨባ በጭብጨባ ሆነ። ዶክተር ማይኩን ያዘና ጥርት ባለ ድምፅ «ጫሞ ላይ ጀልባ መንዳት» አለ። ሜዳው ጸጥ አለ። ማይኩ ራሱ ሲያፏጭ ተሰማ። ከዚያ እናቱ ከመቀመጫዋ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለችና ለሕዝቡ ተረጎመች፦ «የመርከብ ካፒቴን ማለቱ ነው!» ጭብጨባው ቀጠለ።

ዘንድሮ ሰኔ 30 ሱቄ ደጃፍ እንደልማዴ ኬላዬን ዘርግቼ ብቀመጥ ዶክተር አልመጣም። ዘወር ብል የሙዙ ቅጠል ይነቃነቃል። ሁለተኛ ወጥቷል። ያቺ የሽንኩርቷ ልጅ አንደኛ።

ሰፈሩ ለቅሶ ተቀመጠ ማለት ይቀላል። አንዱ ስልክ ነው አለ፤ ሌላው ፍቅር ይዞታል አለ፤ እናቱ ሀለኮው ሲመለጥ ኃይሉ ሄደ አለች። ከሁሉ የሚብሰው ዓይን በልቶታል ያሉት ናቸው፤ ይህን ሲሉ ደግሞ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚያዩት። በየሰኔው «አቤት ጭንቅላት!» ስል ቱፍ ቱፍ አላልኩም ተብሎ ነው። እኔም ፈራሁ። ስሜን ለማንጻት ስል ልጁን ጠራሁና ከመደርደሪያው ጀርባ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ለስላሳ ከፈትኩለት። «ለኔ ንገረኝ። ምን ሆነህ ነው?»

ግራ ቀኙን አየ። ቅዳሜ ቅዳሜ ላይብረሪ እያለ የሚወጣው ጫሞ ዳር ነው ለካ። ያ 47ኛው ልጅ ወስዶት ከጀልባዎቹ ጋር አስተዋውቆታል። ሞተር ይጠርጋሉ፣ ነዳጅ ያቀብላሉ፣ ፈረንጅ ሲመጣ ዶክተር ስለ አዞው ያስረዳል፣ 47ኛው ስለ ሞተሩ ለዶክተር ያስረዳል። ሲያወራልኝ ዓይኑ በራ። ይህን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዘጠና ስምንት አምጥቶም፣ መቶ አምጥቶም እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ካንዴላውንና ካርቡሬተሩን ብቻውን ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ እንደሚገጥም ነገረኝ። እጁን ዘረጋልኝ፤ ጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ። «ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ» አለኝ። ማልኩለት። እንባዬ ሁሉ መጣ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ለስላሳ ከፈትኩለት፤ ይሄ ሰፈር እኮ አልገባውም፣ እኔ ግን ገብቶኛል ብዬ በልቤ ኮራሁ።

«ፈትተህ እስክትገጥመው ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?» አልኩት።

«ሃያ።»

«ያኛውንስ ልጅ?»

«አሥራ ስምንት።»

ጠርሙሱን ከእጁ ተቀበልኩት። «ሁለቷን ምን ሆነህ ነው?»